ደቻቱ ደርቆ ሳለ እንነጋገር



ባለፈው ሳምንት ሂውስተን የሚኖር ወንድማችን አንድ ፎቶ ላከልን። ከእኛ ጋር በአንድ መድረሳ የቀራ፣ አንድ ትሪ ከበን የበላን ልጅ ነው። ፎቶው ላይ ክዳን ያለው ትልቅ የላስቲክ ሳጥን ይታያል። ውስጡ የታሸገ ውሃ፣ ቴምር፣ ብስኩት፣ የእጅ ባትሪ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የልጆቹ ፓስፖርትና የልደት ሰርተፊኬት፣ የእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የሕፃኑ ዳይፐር አለ። ከሥሩ "የሃሪኬን ወቅት ሊገባ ነው። እኛ ጨርሰናል፤ እናንተስ?" ብሎ ጽፏል።

ከመግሪብ በፊት የመስጂዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ "ሐጅ ሊሄድ ነው እንዴ?" ሲል ሁላችንም ሳቅን። ሸይኻችን ግን አልሳቁም። ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን ትንሽ ካዩ በኋላ፣ ከበረንዳው ማዶ የሚታየውን የደቻቱን አሸዋ በአገጫቸው እየጠቆሙ "እሱ የመጣበትን አይቶ ተዘጋጀ፤ እናንተ ምን አይታችሁ ነው የተቀመጣችሁት?" አሉን። መልስ አልነበረንም። አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ሃሪኬን ከሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚነሳ ታላቅ አውሎ ነፋስ ነው። በአትላንቲክ በኩል ወቅቱ ተቆርጦ የታወቀ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21። የእኛ ክረምት ሙሉ በሙሉ በውስጡ ይገባል። የሚገርመው ደግሞ፣ ብዙዎቹ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች ሲጀምሩ አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ የሚጓዝ የአየር ሞገድ ናቸው። ከእነዚህ ሞገዶች አንዳንዶቹ የሚቀሰቀሱት በዳርፉር ተራሮችና በእኛው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በሚነሳው ነጎድጓድ ነው። ሱብሓነላህ! ወንድማችን ሳጥን የሚያዘጋጅለት ነገር አንዳንዴ ከእኛ ሰማይ ተነስቶ የሄደ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ሂውስተንን ሲመታ ከተማዋን ያጥለቀለቃት ለቀናት ያላቋረጠው ዝናብ ነበር። ያኔ የሂውስተን መስጂዶች በራቸውን ከፍተው ቤቱን ውሃ የወሰደበትን ሰው ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ አሳድረዋል።

እኛ ድሬዎች ባሕር የለንም። ደቻቱ ግን አለን።

የሐምሌ 1998ቱን ሌሊት የሚያስታውስ ያስታውሳል። የረጀብ ወር 1427 ነበር። እኛ ገና ጢም ያላበቀልን ደረሶች ነበርን። ድምፁን መጀመሪያ የሰማነው በእንቅልፍ ልባችን ነው፤ ባቡር መስሎን ነበር። አንዱ ልጅ "ባቡር በዚህ ሰዓት አይመጣም" አለ። ከዚያ በኋላ የሰማነው የሰው ጩኸት ነው። ሲነጋ ቤት የነበረበት ቦታ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ አገኘነው። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ደብዛቸው ጠፍቶ ቀረ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ትላልቆቹ ጀናዛ ሲያጥቡ እኛ ውሃ በጀሪካን እያመላለስን ነበር። ከሟቾቹ ስንቱ በሌሊት ልብሱ እንደነበረ ዛሬም አንረሳውም። አላህ ይዘንላቸው። በዚያው ክረምት፣ ቀናት ቆይቶ፣ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ሌሎች መቶዎችን ወሰደ።

ብዙ ወጣት "ያኔ ከባድ ዝናብ ስለነበረ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ከጀርባዋ ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ርቀቱ ደግሞ አጭር ነው። ዳገቱ ዛፉ ተመንጥሯል። እዚያ ላይ የወረደ ዝናብ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት ጊዜ የለውም፤ ተጠራቅሞ በደረቁ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ፣ ኮከብ እያየን፣ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ሰማያችንን አይተን "ዛሬ ሰላም ነው" ብለን መተኛት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

"ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠርቷል" የሚለን አለ። አዎ፣ ተሠርቷል፤ የደከሙትን አላህ ይመንዳቸው። ግን ግንብ ሲሠራ ሰው ይረሳል፤ ከተረሳ በኋላ ደግሞ ከግንቡ ሥር ቤት ይከራያል። ሊቢያ ውስጥ ያለችው ደርና ከተማ እንደ እኛዋ በመሐሏ ደረቅ ወንዝ የሚያልፍባት ናት። ከላይዋ ሁለት ግድቦች ነበሩላት። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ዳንኤል የተባለው የባሕር ማዕበል ዝናብ ሲያወርድባት ሁለቱም በአንድ ሌሊት ተሰበሩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞችም በተኙበት ወደ ባሕር ተጠረጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ሶደቃ በማሰባሰብ የሚያክለን የለም። ብርድ ልብስ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ፍራሽ በአንድ ጁምዓ ይሞላል። አልሐምዱሊላህ። ከጎርፉ በፊት ግን አምስት ሳንቲም አናወጣም፣ አንዲት ሰዓትም አንሰጥም። "ቀደር ነው" እንላለን። ስለ ግመሏ የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናወራለን፤ ገመዱን የሚያስር ግን የለም።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ እንደገባ ሰሙና ሰዉን ይዘው ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር እንሸሻለን ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ፣ የምንሸሸው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የሚል ነበር። እኒህ ሰው ተወኩላቸው ከእኛ አንሶ ነው? ጎርፉ ቀደር ከሆነ በጊዜ መንቃትም ቀደር ነው። ሰበቡን ያላደረሰ ሰው ቀደርን የሚጠራው ብዙ ጊዜ ስንፍናውን ሊሸፍንበት ነው። ይህን ስንል ራሳችንንም ጨምረን ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ዝግጅት ምን እንደሚለውጥ ማየት የፈለገ ባንግላዴሽን ይመልከት። ሃሪኬን የሚባለው ማዕበል እዚያ ሳይክሎን ነው የሚባለው፤ ነገሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970፣ አገሩ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሳለ፣ አንድ ሳይክሎን ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። በ1991 ሌላው ወደ 140,000 ገደለ። በ2007 ሲድር የሚባለው መጣ፤ ደካማ ማዕበል አልነበረም፤ የአገሩም ሕዝብ ከ1970 ወዲህ በእጥፍ ጨምሮ ነበር። የሞተው ግን ከ3,000 የሚበልጥ ሰው ነው። አንድም ነፍስ ብዙ ነው፤ ሆኖም ከ300,000 ጋር አስተያዩት። ባሕሩ አልራራላቸውም። መጠለያ ሠሩ፣ የባሕሩን ዳር ገደቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየሰፈሩ ወጣት አደራጁ። ዛሬ ከ70,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች አሏቸው፤ ሴቶችም ወንዶችም። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ የእጅ ማይክ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፣ የመስጂድ ድምፅ ማጉያ ይከፈታል።

ከእነሱ ታሪክ እህቶቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በ1991ዱ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት አልቀዋል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል አንዱ ባል ሳይመጣ ከቤት አለመውጣት ነው። ሌላው ወንድና ሴት በተደባለቀበት መጠለያ መግባትን ማፈር ነው። ይህ በእኛም ሰፈር ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ባሎች፣ ዛሬውኑ ለባለቤቶቻችሁ ንገሩ፦ "ውሃ ከመጣ እኔን አትጠብቂ፤ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።" ይህን በአንደበታችሁ ካላላችሁት በዚያ ሌሊት ትጠብቃችኋለች። እህቴ፣ ጅልባብሽን በር ሥር ሚስማር ላይ ስቀይው፤ በጨለማ ቁምሳጥን እንዳትከፍቺ። ባታገኚውም ውጪ፤ ለነፍስ ያስጨነቀ ሁኔታ የራሱ ሑክም አለው። እኛም የመስጂዱን ሁለተኛ ፎቅ በዚያ ሌሊት ለሴቶች ብቻ እንዲሆን ወስነናል።

ያልነው ምክንያት ይኸውና። አምና ነሐሴ አንድ ሌሊት፣ ዒሻ ሰግደን ስንወጣ ደጋው ላይ መብረቅ ያለማቋረጥ ሲያበራ አየን። ሙአዚናችን "ማይኩን ከፍቼ ወንዝ ዳር ያለውን ሰው ላንቃው?" አለ። ከኮሚቴው አንድ አባት "ማይኩ የአዛንና የደርስ ነው። ባይመጣስ? ሰዉን በውሸት አታስበርግጉት" አሉ። አባት ናቸው፤ አፈርንና ተውነው። ውሃው ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልሞተም። ከመስጂዱ በታች ባሉት ቤቶች ግን እስከ ጉልበት ገባ።

አንዲት እናታችን ብቻቸውን በአንድ ክፍል ይኖራሉ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ውሃው ፍራሹን ሲነካ ተስቢሕ እያደረጉ ያገኛቸው የጎረቤት ባጃጅ ነጂ ልጅ ነው፤ ተሸክሞ አወጣቸው። እኛ አይደለንም። ከመስጂዱ በር እስከ እሳቸው ደጃፍ መቶ እርምጃ አይሞላም። ረመዳን በመጣ ቁጥር ማፍጠሪያ በልጅ እንልክላቸው ነበር። ልጁ ሳህኑን ደጃፍ አስቀምጦ ይመለሳል። እግራቸው እንደማይሄድ ከእኛ አንድም ሰው አያውቅም ነበር።

በሳምንቱ ሸይኻችን የማይኩን ነገር በደርስ አነሱት። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በአንድ ዝናባማ ጁምዓ ሙአዚናቸውን ወደ ሶላት ከሚጠራው ቃል ፋንታ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲናገር አዘዙት። ሰዎች ተገረሙ። እሳቸውም ይህን ከእኔ የሚበልጡት፣ ማለትም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ)፣ አድርገውታል አሉ። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። በጭቃ እንዳይቸገሩ ተብሎ አዛን ውስጥ ይህ ከተባለ፣ እንዳይሰምጡ ከአዛን ውጭ ማይክ መክፈት ምን ይከለክለዋል? አባታችንም ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው ደግሞ የማይኩን ክፍል ቁልፍ አንድ ቅጂ በገዛ ገንዘባቸው አስቀርጸው ሰጡን። አላህ ይመንዳቸው።

አሁን የተስማማነው ይህ ነው። ደጋው ላይ፣ ደንገጎ አካባቢ፣ ሱቅ ያለው ወንድማችን ከባድ ዝናብ ሲያይ ይደውላል። ቁልፉ ሦስት ሰው ጋር ነው፤ ከሦስቱ ማንም ቢሆን ማንንም ሳያስፈቅድ ይከፍታል። የሚባለው አጭር ነው፦ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ወደ ላይ ውጡ። ሦስት ጊዜ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ሰዉ በድንጋጤ ውስጥ ኹጥባ አይሰማም። መብራት ከጠፋ ማይኩ ስለማይሠራ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ማይክ ገዝተናል። ዋጋው ለአንድ ጎርፍ ከምንሰበስበው ብርድ ልብስ ጋር አይወዳደርም። በከንቱ ቀስቅሰናችሁ ጎርፉ ባይመጣ ስደቡን፤ ተሰድበን መተኛት ይሻለናል።

አንድ የከበደ ነገር ደግሞ አለ፤ ዝም ብንለው አማና እንበላለን። "ወንዝ ዳር ማን ኑር አለው?" የሚል ሰው አለ። ኑር ያለው ኪራዩ ነው። የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ሌላ ቦታ አይችሉም። እነሱን መውቀስ ነውር ነው። የሚወቀሰው አከራዩ ነው። በየሰፈሩ ስንዞር ያየነው ነገር አለ፦ ያለፈው ጎርፍ ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ይተዋል። ግንቦት ሲደርስ አከራዩ ቀለም ይቀባበታል። አዲስ ተከራይ ሲመጣ "ውሃ ይገባል ወይ?" ብሎ አይጠይቅም፤ ግድግዳው ንጹሕ ነዋ! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢከቱ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው አለ። ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። እሱ የደበቀው እርጥብ እህል ነው። አንተ ወንድሜ የደበቅከው የሰው ልጅ የሚሰምጥበትን ልክ ነው። መስመሩን ተወው ይታይ። ብትችል ክረምቱን ኪራይ ቀንስለት፣ ወይም ከፍ ያለ አልጋና መሰላል ሥራለት።

የቤት ውስጡን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አናስረዝመውም። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታና የኒካሕ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላችሁ በአንድ ቦርሳ፤ ፎቷቸውን ደግሞ ስልካችሁ ላይ። ቁርኣኖችና ኪታቦች ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ላይ ይውጡ። ባትሪና ጫማ አልጋ ሥር ሳይሆን አልጋ ላይ ከራስጌ ይሁኑ፤ ውሃ መጀመሪያ የሚወስደው ጫማ ነው። ውሃ ከመግባቱ በፊት የመብራት ቆጣሪውን አጥፉ፤ ውሃ ውስጥ ከቆማችሁ ግን አትንኩት፣ ትታችሁት ውጡ። ቤተሰቡ ከተበታተነ የሚገናኝበትን አንድ ቦታ፣ አንድ ብቻ፣ ልጆቹ እንዲያውቁት አድርጉ። ከጎርፍ በኋላ የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ ወይም ውሃ አጋር ሳይጨመርበት አይጠጣ፤ አተት የሚመጣው ሰው ከተረፈ በኋላ ነውና። አዲስ አበባ በየወንዙ ዳር ላላችሁ ደግሞ የእሳትና አደጋው ስልክ 939 ነው፤ አሁኑኑ መዝግቡት።

ወጣቶች ላይ ግን ትንሽ ልንቆም ነው። ጎርፍ ሲመጣ ድልድይ ላይ ቆሞ ለቲክቶክ መቅረጽ ተለምዷል። የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ግንድና ድንጋይ ይዞ ነው፣ ድልድዩንም የሚመታው በዚያ ነው። በእግር ወይም በባጃጅ "ትንሽ ነው እሻገራለሁ" ማለትም አለ። 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅ የቱ ጋ እንደሚወድቅ እናንተው አስቡት። የስልካችሁን ካሜራ መጠቀም ካማራችሁ ዛሬ ውጡና በፌስታልና በሃይላንድ የተደፈነውን የሰፈራችሁን ቱቦ ቅረጹ፤ ከዚያ አካፋ ይዛችሁ ኑ።

እኛ ደግሞ ስም ዝርዝር ጀምረናል። ከመስጂዱ እስከ ወንዙ ያለውን ቤት ሁሉ እያንኳኳን ነው፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤትን ሲያዝዙ አልለዩም። የምንጠይቀው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ስንት ሰው ያድራል? ብቻውን መውጣት የማይችል አለ? ማን ነው የሚያወጣው? ቤት ገብተው የሚጠይቁት እህቶች ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛ በላይ አውቀው ነው የሚመለሱት። በር ላይ ቆመን "ሁሉ ሰላም ነው" ከተባልንበት ቤት እነሱ ገብተው የተኛ በሽተኛ አግኝተዋል። እስካሁን 43 ቤት ተጽፏል፤ በ6ቱ ያለ ረዳት የማይወጣ ሰው አለ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወጣት በስም ተመድቧል። ለእናታችን የተመደበው ያ ባጃጅ ነጂ ነው፤ "ሁለተኛ ሰው አያስፈልገኝም" ብሎናል፤ እኛ ግን ጨምረንበታል።

ወንዙ ዳር ያለውን የመጨረሻ ግቢ ሁለት ጊዜ ሄደን ተዘግቶ አገኘነው። ስድስት ክፍል የሚከራይበት ነው፤ ግድግዳው በቅርቡ ተቀብቷል። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ እንደገና እንሄዳለን። አብሮን መሄድ የሚፈልግ በረንዳው ላይ ያገኘናል። እስክሪብቶና ደብተር አለን፤ ያነሰን ሰው ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።